ውኃ ውስጥ ቆሞ መጠውለግ

እህቴ ለአራት ወራት ርቃ ስትሄድ አንድ ሐረግ በአደራ ሰጠችኝ። ቅጠሎቹ ልብ የሚመስሉ፣ ከመደርደሪያ ላይ ቁልቁል የሚንጠለጠሉ፣ ለዓመታት ስትንከባከበው የኖረችው ተክል ነው። በር ላይ ቆማ «አደራህን፣ ውኃ እንዳይጠማው» አለችኝ። ከዚያ ሁሉ ምክሯ በጆሮዬ የቀረው ይህ ብቻ ነበር። በየማለዳው ከእንቅልፌ እንደተነሳሁ አጠጣው ጀመር።

በሦስተኛው ሳምንት ጠወለገ። ቅጠሎቹ እንደ ቀድሞው አረንጓዴ ናቸው፤ ነገር ግን አንገታቸውን ደፍተው፣ ሲነኳቸው እንደ እርጥብ ጨርቅ ልፍስፍስ ብለዋል። የጠወለገ ተክል ያየ ሰው ሁሉ የሚያስበውን አሰብኩና ጨመርኩለት። በማግስቱ ባሰበት፤ ደግሜ ጨመርኩለት። «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ በገዛ እጄ እያጠጣሁ አንድን ተክል እንዲህ እንደምወስደው ግን አልገመትኩም።

በመጨረሻ ከነአፈሩ አውጥቼ ጋዜጣ ላይ ዘረገፍኩት። የማሰሮው ሥር ቀዳዳ አልነበረውም፤ ከታች ያለው አፈር ጠቁሯል፣ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ነጭና ጠንካራ መሆን የነበረባቸው ሥሮች ቡናማ ሆነዋል። አንዱን በሁለት ጣቶቼ ይዤ ቀስ ብዬ ስስበው የውጪው አካሉ እንደ ሰገባ ተንሸራቶ ጣቶቼ መካከል ቀረ፤ ከውስጡ የወጣው ቀጭን ክር ብቻ ነበር። እስከ ዛሬ ድረስ ያ የመንሸራተት ስሜት ከጣቶቼ አልጠፋም። ገና ያልተበላሹ ሁለት ቅርንጫፎች ከአንጓቸው በታች ቆርጬ ሌላ ስለጠፋኝ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ አቆምኳቸው። ከዚያም ተቀምጬ ማንበብ ጀመርኩ። ውኃ ውስጥ የቆመ ተክል ለምን ይጠወልጋል? ጥያቄዬ ይህ ብቻ ነበር።

ተክል ኦክስጅን ይሰጣል ተብለን አድገናል። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1779 ያን ኢንገንሀውስ የተባለ ሆላንዳዊ ሐኪም አየርን የሚያጠሩት የተክል አረንጓዴ ክፍሎች ብቻ እንደሆኑ፣ ያንንም የሚያደርጉት ብርሃን ሲያገኙ ብቻ እንደሆነ አሳይቶ ነበር። በጨለማ ውስጥ ቅጠሉም ቢሆን እንደኛው አየርን ያበላሻል። ሥር ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ጨለማ ውስጥ ነው። ስኳሩ ከላይ ከቅጠሉ ይወርድለታል፤ ያን ስኳር አቃጥሎ ጉልበት የሚያወጣበትን ኦክስጅን ግን በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ካለው አየር መሻማት አለበት። የሚሻማው ከባክቴሪያዎችና ከሌሎች ረቂቅ ተሕዋስያን ጋር ነው፤ እነሱም ይተነፍሳሉ።

አፈሩ በውኃ ሲሞላ አየሩ ከቀዳዳዎቹ ይባረራል። አንድ ሊትር አየር 210 ሚሊ ሊትር ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ አንድ ሊትር ውኃ በክፍል ሙቀት የሚሟሟበት ከ6 ሚሊ ሊትር ብዙም አይበልጥም። ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነው፦ ኦክስጅን በውኃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጭበት ፍጥነት 10,000 ጊዜ ያህል በዘገመ አካሄድ ነው። ያለችው ጥቂት ስታልቅ ተተኪው በጊዜ አይደርስም። አፈሩ ሞቅ ያለና ባክቴሪያ የበዛበት ከሆነ ያለው ኦክስጅን በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ፣ አንዳንዴም በሰዓታት ያልቃል። ከዚያ በኋላ ባክቴሪያዎቹ በኦክስጅን ፈንታ ናይትሬትን፣ ብረትን፣ በመጨረሻም ሰልፌትን መጠቀም ይጀምራሉ። ያ የእንቁላል ሽታ የሰልፌቱ ተራ እንደደረሰ የሚናገር ነበር። እኔ ያሸተትኩት የታሪኩን መጨረሻ ነው።

ወደ መጠውለጉ ልመለስ። የሥር ሴል ኦክስጅን ሲያጣ የሴሉ ውስጥ በደቂቃዎች ጊዜ ወደ አሲድነት ያዘነብላል። በሴሉ ሽፋን ላይ ደግሞ አኳፖሪን የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ ውኃ በብዛት የሚያልፍባቸው ጠባብ በሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 ተመራማሪዎች አራቢዶፕሲስ በምትባል ትንሽ አረም ሥር ላይ እንዳሳዩት፣ ይህ አሲድነት በእነዚህ በሮች ላይ ባለች አንዲት አሚኖ አሲድ፣ ፕሮቲን ከሚገነባባቸው ጡቦች በአንዷ፣ ላይ ያርፍና በሩን ይዘጋዋል። ውኃው ውጭ ሞልቶ ተርፏል፤ በሩ ግን ከውስጥ ተቀርቅሯል። ከላይ ቅጠሉ በፀሐይ እየተነነ ነው፣ ከታች ምንም አይመጣም። ስለዚህ ተክሉ ይጠወልጋል።

ይህን ሳነብ መጽሐፉን አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ ዝም አልኩ። ጠምቶታል ማለቴ ስሕተት አልነበረም፤ በእርግጥ ጠምቶት ነበር። ጥማቱን ያመጣው ግን እኔ በየማለዳው የማፈስለት ውኃ ነው። የደረቀ አፈር ላይ ያለ ተክልና የሰጠመ ተክል ቅጠላቸው ላይ የሚያሳዩት ምልክት አንድ ዓይነት ነው፤ መድኃኒታቸው ደግሞ ተቃራኒ። እንዲህ ያለ ምልክት ያየ ሰው ጣቱን አፈር ውስጥ ሳይከት መወሰን የለበትም።

ከመጠውለጉ ይልቅ ልቤን የያዘው ግን ሌላው ጥያቄ ነበር። ተክሉ ኦክስጅን እንደጎደለው በምን ያውቃል? ሳንባ የለውም፣ ደም የለውም፣ ነርቭ የለውም። ቢሆንም ኦክስጅን ባጠረው በጥቂት ጊዜ ውስጥ እያንዳንዱ ሴል ሥራውን ይለውጣል። ስኳርን በኦክስጅን አቃጥሎ ከአንዲት የግሉኮስ ሞለኪውል 30 እና ከዚያ በላይ ኤቲፒ የሚባለውን የጉልበት ምንዛሪ ያገኝ የነበረው ሴል፣ ሁለት ብቻ ወደሚያስገኘው መንገድ ይዞራል። ይህ መንገድ እርሾ የምትሄድበት ነው፤ ስኳሩ ይብላላና መጨረሻው አልኮል ይሆናል። አልኮሉ ከሥሩ ወደ ውኃው ያመልጣል፤ ከእሱም ጋር ቅጠሉ በስንት ፀሐይ የሠራው ካርቦን ይፈስሳል። ውድ ክፍያ ነው። ሴሉ ግን ሌላ አማራጭ የለውም፤ ያንን ሁለት ኤቲፒ ካላገኘ የቆመበት ይሞታል። ለዚህ መንገድ የሚያስፈልጉትን ኢንዛይሞች ለመሥራትም 50 ገደማ የሚሆኑ ጂኖች፣ በየትኛውም ዓይነት የሥርና የቅጠል ሴል ውስጥ፣ አንድ ላይ ይነቃሉ። የሚቀሰቅሳቸው ማነው?

መልሱ እ.ኤ.አ. በ2011 በሁለት የምርምር ቡድኖች በአንድ ጊዜ ታተመ። ነገሩን ለመረዳት አንድ ጸሐፊ በዓይነ ኅሊናችሁ ሳሉ። ሥራው በየደቂቃው «አደጋ ደርሷል፣ ተነሱ» የሚል ደብዳቤ መጻፍ ነው። አደጋ ባይኖርም ይጽፋል፤ ሌሊትም ቀንም አያቆምም። ከጠረጴዛው አጠገብ ምድጃ አለ፤ የተጻፈው ደብዳቤ ሁሉ እዚያው ይቃጠላል፣ አንዱም ከክፍሉ አይወጣም። ምድጃው እንደማንኛውም እሳት አየር ይፈልጋል። አየር ባለበት ዘመን ሁሉ ደብዳቤው አመድ ነው። አየር የጠፋ ዕለት እሳቱ ራሱ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ መጀመሪያ የተጻፈው ደብዳቤ ሳይቃጠል በሩን አልፎ ይሄዳል። አደጋ መድረሱን ያወቀ ጠባቂ የለም፣ የሮጠም መልእክተኛ የለም። የቆመው ማቃጠሉ ብቻ ነው።

በሴሉ ውስጥ ደብዳቤዎቹ የሰባተኛው ክፍል ኢ.አር.ኤፍ. ተብለው የሚጠሩ ፕሮቲኖች ናቸው፤ አራቢዶፕሲስ አምስት አሏት። እያንዳንዱ ፕሮቲን እንደተሠራ የመጀመሪያዋ አሚኖ አሲድ ትቆረጥና ሲስቴይን የምትባለው ከፊት ትቀራለች። ሲስቴይን በጫፏ ድኝ ተሸክማለች። እንደ ምድጃው የሚሠሩት የተክል ሲስቴይን ኦክሲዴዝ የሚባሉት ኢንዛይሞች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ተለይተው ታወቁ። ከአየሩ ኦክስጅን ወስደው በቀጥታ በዚያች ድኝ ላይ ይለጥፋሉ። ከዚያ ሌላ ኢንዛይም መጥቶ አርጂኒን የተባለች አሚኖ አሲድ ፊቱ ላይ ይቀጥልበታል። ይህች አርጂኒን የሞት ምልክት ናት። ምልክቱን የሚያነበው ፕሮቲን ይይዘውና ወደ ሴሉ መፍጫ ይልከዋል፤ እዚያ ይበጣጠሳል። ኦክስጅን ከሌለ የመጀመሪያዋ ምልክት አትለጠፍም፣ ተከታዮቹም አይመጡም። ፕሮቲኑ ሳይነካ ወደ ሴሉ አስኳል ገብቶ እነዚያን ጂኖች ይቀሰቅሳል። አር.ኤ.ፒ. 2.12 የተባለው አንደኛው ፕሮቲንማ አስቀድሞ በሴሉ ሽፋን ላይ ታስሮ ይቆያል፤ ኦክስጅን ሲያጥር ተፈትቶ ወደ አስኳሉ ይጓዛል።

መጀመሪያ ሳነበው ብክነት መሰለኝ። ሠርቶ ማፍረስ፣ ሠርቶ ማፍረስ፤ ጉልበት የሚፈጅ ነገር ነው። ቆይቼ ሳስበው ግን ከዚህ የተሻለ ማሰብ አቃተኝ። አደጋ ሲመጣ መሥራት የሚጀምር የማንቂያ ደወል ቢሆን ኖሮ፣ ለመሥራት የሚያስፈልገው ጉልበት በዚያው ሰዓት ተሟጦ ይጠብቀው ነበር። አሁን ግን ደወሉ አስቀድሞ ተሠርቷል። ለመደወል ምንም አይፈለግም፤ የሚያፍነው እጅ ሲነሳ ብቻ ይደውላል። በሌላ በኩል ማፍረሱም ዝም ብሎ የሚጣል ወጪ አይደለም። ተመራማሪዎች አር.ኤ.ፒ. 2.12ን እንዳይፈርስ አድርገው በተክል ውስጥ ሲያኖሩት፣ ተክሉ በመልካም አየር ውስጥ እያለም እድገቱ ቀጨጨ። ሁልጊዜ የሚጮኽ ደወል ባለበት ቤት ማን ያድጋል?

የእኛ አካልም ተመሳሳይ ሐሳብ ይዞ መገኘቱ ይበልጥ ገረመኝ። እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል የሕክምና ሽልማት ለዊልያም ኬሊን፣ ለፒተር ራትክሊፍና ለግሬግ ሰሜንዛ የተሰጠው የእንስሳት ሴሎች የኦክስጅንን መጠን እንዴት እንደሚያውቁ ስላሳዩ ነው። በእንስሳት ውስጥ ያለው ፕሮቲን ሌላ ነው፣ የሚያቃጥለውም ኢንዛይም ሌላ ነው፤ ደብዳቤውን ሁልጊዜ መጻፍና በኦክስጅን ማቃጠል የሚለው ዘዴ ግን ያው ነው። በዚያው ዓመት ደግሞ የተክሉን ኢንዛይም የሚመስል፣ በሲስቴይን ላይ ኦክስጅን የሚለጥፍ ኢንዛይም በሰው ሴሎች ውስጥ እየሠራ ተገኘ። ያን የሞተ ሥር በጣቶቼ ይዤ በቆምኩባት ቅጽበት ጣቶቼም ሥሩ የሞተበትን ነገር በሰላም እየመዘኑ ነበር።

ሌላ የሚደንቅ ነገር አለ። ኦክስጅን እስኪያልቅ መጠበቅ ለብዙ ሴሎች መዘግየት ነው። ተክል ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያለማቋረጥ ይተነፍሳል፤ ፍራፍሬ የሚያበስለው ይኸው ጋዝ ነው። ተክሎች ለኤቲሊን ምን ያህል ንቁ እንደሆኑ እ.ኤ.አ. በ1901 ያሳየው ዲሚትሪ ነልዩቦቭ የተባለ ሩሲያዊ ነበር፤ የአተር ቡቃያዎቹ ከጋዝ መብራት በሚወጣው ኤቲሊን ምክንያት ተጣምመው ሲያድጉ አይቶ ነው የደረሰበት። በአየር ውስጥ ያለ ሥር የሚተነፍሰው ኤቲሊን ወዲያው ይበተናል። ውኃ ከከበበው ግን መውጫ ያጣል፤ በሥሩ ውስጥ ይጠራቀማል። ኦክስጅን ገና ሳያልቅ ተክሉ ውኃ እንደከበበው በዚህ ያውቃል። የተጠራቀመው ኤቲሊን ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባለውን ሌላ ጋዝ የሚያጠምድ ፕሮቲን እንዲበዛ ያደርጋል። ደብዳቤውን ለማቃጠል ከኦክስጅን ሌላ ናይትሪክ ኦክሳይድም ያስፈልጋልና፣ እሱ ሲጠመድ እሳቱ ቀድሞ ይደክማል። ስለዚህ ኦክስጅኑ በእርግጥ ሲያልቅ ሴሉ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።

እዚህም ያየሁት ያንኑ ነገር ነው። ተክሉ የሚያውቀው አዲስ ነገር ስለመጣለት አይደለም። ሲወጣ የነበረው መውጣቱን ሲያቆም፣ ሲቃጠል የነበረው መቃጠሉን ሲተው ያውቃል። እኔ ግን ከተክሉ አዲስ ምልክት ስጠብቅ ነበር፤ ቢጫ ቅጠል፣ ነጠብጣብ፣ የሆነ ነገር። ማሰሮው በፊት ጠዋት ሳጠጣው ማታ ይቀልል ነበር፤ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ መቅለሉን አቁሞ ነበር። አንስቼ ብመዝነው ኖሮ ያን ጊዜ እደርስበት ነበር።

ከታወቀ በኋላ ምን ይደረጋል የሚለው በሩዝ ላይ ጎልቶ ይታያል። ሩዝ ውኃ ይወዳል ይባላል እንጂ፣ ከነቅጠሉ ለብዙ ቀናት ከሰጠመ አብዛኛው የሩዝ ዝርያ ይሞታል። የሚሞተውም በአብዛኛው ለማምለጥ ሲሞክር ነው፤ ከውኃው በላይ ለመድረስ ይመዘዛል፣ ያለውን ስኳር ይጨርሳል፣ ውኃው ሲሸሽ ተዝለፍልፎ ይወድቃል። በሕንድ ኦዲሻ ግዛት ከሚገኝ ነባር የገበሬዎች ዘር የተመረጠው ኤፍ.አር. 13ኤ የተባለው ሩዝ ግን ሁለት ሳምንት ያህል ሰጥሞ ይተርፋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ምሥጢሩ ሰብ1ኤ በተባለ ጂን ውስጥ መሆኑ ታወቀ። ይህ ጂን የሚሠራው ፕሮቲን ከዚያው ከሰባተኛው ክፍል ቤተሰብ ነው፤ ኤቲሊን ሲጠራቀም ይሠራል፣ እንደ ወንድሞቹም በቀላሉ አይፈርስም። የሚሰጠው ትእዛዝ ግን «ተነሱ» አይደለም። እድገትን ያቆማል፤ ሩዙ ስኳሩን ይዞ፣ ቅጠሉን ሰብስቦ፣ ውኃው እስኪያልፍ ይጠብቃል። ጂኑ ገበሬዎች በሚወዱት ስዋርና በተባለ ዝርያ ውስጥ በማዳቀል ገብቶ እ.ኤ.አ. በ2009 በሕንድ ለእርሻ ተለቀቀ።

በዚያው በ2009 ደግሞ ተቃራኒው ታተመ። ወራት ሙሉ ጥልቅ ውኃ በሚተኛበት ሜዳ ላይ የሚበቅል የሩዝ ዓይነት አለ፤ ውኃው ከፍ ባለ ቁጥር በቀን እስከ 25 ሴንቲ ሜትር እየተመዘዘ ራሱን ከውኃው በላይ ያወጣል። ይህን የሚያዝዙት ሁለት ጂኖች ስኖርክል ተባሉ። እነሱም የኢ.አር.ኤፍ. ዘመዶች ናቸው፣ እነሱንም የሚያስነሳቸው ኤቲሊን ነው። አንድ ዓይነት ጋዝ አንዱን ሩዝ «ሩጥ» ሲለው ሌላውን «ተቀመጥ» ይለዋል። ቶሎ ለሚሸሽ ጎርፍ መጠበቅ ይበልጣል፤ ለማይሸሽ ውኃ ግን የሚጠብቅ ሰጥሞ ይቀራል። የትኛው ውኃ እንደመጣ ሩዙ ሊያውቅ አይችልም፤ አባቶቹ በየትኛው ውኃ እንደተረፉ ብቻ ነው የሚያውቀው። በየሜዳው ለሺህ ዓመታት ዘር ሲመርጡ የኖሩት ገበሬዎች ለእኔ የዚህ ግኝት የመጀመሪያ ባለቤቶች ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። የኦክስጅን ማነስ ሁልጊዜ አደጋ ነው ብዬ ስጽፍ ቆየሁ፤ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 እንደታየው አዳዲስ ቅጠል የሚወለድበት የቡቃያው ጫፍ ራሱ፣ በመልካም አየር ውስጥ ቆሞ እያለ፣ ኦክስጅን ያነሰበት ትንሽ ጓዳ ነው። እዚያ ደብዳቤው ሳይቃጠል መቆየቱ ለቅጠሉ መወለድ ያስፈልጋል። ሥርን የሚገድል እጦት ከላይ ጫፉ ላይ ቅጠል ያወጣል። ይህን ካነበብኩ ወዲህ የሐረግ ጫፍ ላይ የተጠቀለለ አዲስ ቅጠል ሳይ ቆም እላለሁ።

ብርጭቆ ውስጥ ያቆምኳቸው ቅርንጫፎች እስከዚያው አልሞቱም ነበር። ይህም አስጨንቆኝ ነበር፤ ውኃ የገደለውን ተክል ውኃ እንዴት ያድነዋል? የብርጭቆው ውኃ እንደ ማሰሮው ጭቃ የሚበሰብስ ነገርና የባክቴሪያ ጭፍራ የለበትም፤ ኦክስጅኑን የሚሻማው ጥቂት ነው። በየሁለት ሦስት ቀኑ ስቀይረው ደግሞ ኦክስጅን የያዘ አዲስ ውኃ ያገኛል። ከላይ ቅጠሎቹ በብርሃን ኦክስጅን እየሠሩ በአገዳው ውስጥ ባሉ የአየር መተላለፊያዎች ቁልቁል ይልካሉ። በውኃ ውስጥ የሚበቅሉ ሥሮች በብዙ ተክሎች ዘንድ እንዲህ ላለው ኑሮ ተሰናድተው ይመጣሉ፤ በሥሩ ሥጋ ውስጥ ባዶ ሰርጦች ይኖራሉ፣ አየር እንደ ቧንቧ ይወርድባቸዋል። በቆሎን በመሰሉ ተክሎች እነዚያ ሰርጦች የሚከፈቱት በመንገዱ ላይ ያሉ ሴሎች ራሳቸው ሞተው ቦታ በመልቀቅ ነው፤ ለዚያ ትእዛዝ የሚሰጠውም ያው ኤቲሊን ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ከአንጓው ላይ ነጭ ነጥብ ወጣ። በአምስተኛው ሳምንት ሦስት ሥሮች ነበሩ፤ ነጫጭ፣ ወፍራም፣ ሲነኳቸው ጠንከር ያሉ። እህቴ ስትመለስ ብርጭቆውን ሰጥቼ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። አልተቆጣችም። ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ ሥሮቹን ለረጅም ጊዜ አየቻቸው።

አብረን ሥሩ ቀዳዳ ባለው ማሰሮ፣ ጠጠርና ሸካራ አፈር ቀላቅለን ተከልናቸው። በአራተኛው ቀን በጣሳ ውኃ ይዛ መጣች። እኔ ማሰሮውን በሁለት እጄ አንስቼ መዘንኩት፣ አስቀመጥኩትና ጣቴን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ አፈሩ ውስጥ ከተትኩ። ጣሳውን እንደያዘች ቆማ ጠበቀችኝ። ከታች ገና እርጥብ ነበር።

«ዛሬ ይቅር፤ ነገ እናየዋለን» አልኳት።